በሁዳዴ የተቆጠረ ቅቤ

ያልበላችሁትን «በልታችኋል» ብሎ በቁጥር የሚሟገታችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። እንዲያውም አብሬው ሠርቻለሁ፤ እሱ ያሰላል፣ እኔ አበስላለሁ።

ጊዜው ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ብዙ ያልቆየችበት ነው። ቢሮው ሁሉ አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ሰው ተደግፎት ሸሚዙን የሚያበላሽበት ጊዜ። አለቆቹ የአገሬው ልጆች ሆነዋል፤ ባለሙያ የሚባለው ግን ገና ከደጋ ነው የሚመጣው። እኔ የተቀጠርኩበት አዳሪ ማሠልጠኛ፣ ከየወረዳው የተመረጡ ልጃገረዶች ክትባቱንም ማዋለዱንም ቁስል ማጠቡንም ቀመስ ቀመስ አድርገው ወደየመንደራቸው የሚመለሱበት ቤት ነበር። ዛሬ የለም። ግቢው ውስጥ የነበረው ማንጎ ግን አሁንም ያፈራል አሉ።

እኔም ደገኛ ነኝ፤ ከጎሬ ወዲያ ነው አገሬ። ባሌ ሾፌር ነበርና እሱን ተከትዬ ወረድኩ። እሱ ደግሞ ወርቅ ተከትሎ ዲማ ወረደና በዚያው ቀረ። ወርቁን ያግኘው አያግኘው አላውቅም፤ እኔን ግን ተመልሶ አላገኘኝም። ማንበብ ያስተማረኝ ግድግዳዬ ነው። የጭቃው ምርጊት እንዳይራገፍ ጋዜጣ ለጥፌበት፣ ምሽት ምሽት ጋደም ብዬ አንዱን ፊደል ካንዱ እያጋባሁ ለመድኩት። ከአልጋው በታች የገባውን ወሬ መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እንግዲህ ያ የሚያሰላው የሥነ ምግብ መምህር ወደ እኛ የመጣ ጊዜ፣ እኔ ምንም ከማታውቅ ወጥ ቤት ትንሽ ከፍ ያልኩ፣ ሁሉን ለማወቅ ከሚያሰፈስፍ ሰው ደግሞ ምንም ያላነስኩ ነበርኩ። እሱ አጠር ደልደል ያለ፣ ጉንጩ የሚያበራ ወጣት ነው። ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ልብሱን ሳይሆን አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ነበር። በመመገቢያው ግድግዳ ላይ በአራት ምስማር መታው። በአንዱ ዓምድ የምግብ ስም፣ በሌሎቹ ስብ፣ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ወረቀት፤ ሰው በቁመቱ ልክ ስንት መመዘን እንዳለበት የሚናገር።

ስሌቱን አልነቅፍም። እንዲያውም ወደድኩት። ስብ በግራም ዘጠኝ ካሎሪ፣ ገንቢው አራት፣ ኃይል ሰጪው አራት፤ ይኸው ነው። አንዴ ከነገረኝ በኋላ ሽሮ ሳማስል ራሴ ውስጥ እደምር ነበር፦ ዘይቱን በዘጠኝ፣ ዱቄቱን በአራት። ገበያ ውስጥ የማያትን ሴት ሁሉ ምን እንደበላች እየገመትኩ አሰላት ጀመር። ቁጥር ጨዋ ነገር ነው፤ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። ባለጌው አስቀማጩ ነው።

ማንጎው ሥር ሚዛን ተተከለ፤ ልጆቹም ተሰልፈው ተመዘኑ። አብዛኞቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ረጃጅሞች ናቸው፤ ከመካከላቸው ደግሞ አንዲት ከጎግ ወረዳ የመጣች ልጅ ከሁሉም ትረዝማለች። ወጥ ቤቴ ስትገባ ጎንበስ ካላለች ጣሪያው ላይ የሰቀልኩትን በርበሬ በግንባሯ ትበትነዋለች። ሁለት ሰው የሚይዘውን የውሃ በርሜል ለብቻዋ የምታንቀሳቅስ፣ ከወንዝ ስትመለስ ደግሞ የምትዘፍን ልጅ ናት። መምህሩ መዘናት፣ ለካት፣ ሠንጠረዡን አየ፣ ካልኩሌተሩን ነካካና «ከመጠን በታች» አለ። እንደገና ነካካው። «በጣም ከመጠን በታች።»

ልጅቱ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ከስተሻል ነው የሚለው አልኳት። ሳቀች። «ማማ፣ እኔ ስበላ ወደ ላይ ነው የሚሄደው» አለችኝ።

መምህሩ ግን አልሳቀም። ስብ የሚበዛበት ልዩ ምግብ አወጣላት፦ በየቀኑ ወጧ ላይ የተነጠረ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት። በሚያምር እጅ ጽፎ ሠንጠረዡ አጠገብ ለጠፈው። እስከ ፋሲካ ካልሞላች ደግሞ ጤናዋ ለሥልጠናው አይበቃምና ወደ አገሯ ትመለስ አለ። በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ትገባለች።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። «እስከ ፋሲካ» ያለበት ሳምንት ሁዳዴ የገባበት ሳምንት ነው። ድስታችን አንድ ነው። ግዢው ጿሚ፣ መጋዘኑ ጿሚ፣ ወጥ ቤቷ እኔ ጿሚ፤ ልጆቹ አብዛኞቹ ጴንጤዎች ናቸውና ሁዳዴን አይጾሙም፤ ግን ማን ጠየቃቸው? ድስቱ የጾም ይሁን፣ ለሁሉም ይቀላል ብሎ ያዘዘው ራሱ መምህሩ ነው። የቅቤውን ጣሳ መጋዘን አስገብቶ ቆለፈና ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሠረው። ጋምቤላ በሁዳዴ እንዴት እንደምትሞቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቅቤ እዚያ አገር ረግቶ አያድርም፤ ጣሳው ውስጥ ሲንቦጫረቅ በበሩ በኩል ይሰማኛል። እንቁላልና ወተቱም ቀረ። ወረቀቱ ግን ግድግዳው ላይ ነው። መምህሩም በየማታው ከእኛው ጋር ዘይት የነካካውን ሽሮ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወረቀቱ ፊት ቆሞ «ዛሬ ይህን ያህል ስብ፣ ይህን ያህል ገንቢ ወስዳለች» ብሎ ይደምራል። ከአንድ ድስት እየበላን ለእሷ ብቻ ቅቤ ይቆጠርላታል። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ላሟን በካልኩሌተር ሲያልቧት ያየሁት ግን ያኔ ነው።

ሄጄ ነገርኩት። ሰው ፊት አይደለም፤ ለብቻው፣ በአክብሮት። መምህር፣ ቅቤው እኮ እርስዎ አንገት ላይ ነው ያለው አልኩት። ይደነግጣል፣ ያፍራል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልደነገጠም።

«እትዬ፣ ስሌቱ የዓመት አማካይ ነው» አለኝ፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጾሙ በፍስኩ ይካካሳል።»

«የፋሲካን ቅቤ በሁዳዴ የሚበላ ሆድ የት ይገዛል?»

ቀለደችብኝ ብሎ ፈገግ አለና ሄደ። ደግ ሰው እኮ ነበር። ወባ ሲጥለኝ ክኒኑን በእጁ አምጥቶልኛል። ግን ደግነቱና አእምሮው አንድ ግቢ የሚኖሩ፣ የማይነጋገሩ ጎረቤቶች ነበሩ።

ሌላም ነገር ሞከርኩ። ልጅቱ ከቤቷ ያመጣችው በትንሽ ቆርቆሮ ያለ ቅባት ነበራት። በእነሱ አገር ጫካ ውስጥ ካለ ዛፍ ፍሬ ለቅመው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው የሚያወጡት ነው፤ ጠጅ መሳይ ቀለም አለው፣ ሽታው እንደ ለውዝ ነው። ወጥም ያሠሩበታል፣ ገላም ይቀቡታል። ዛፍ ነውና የጾም ነው። ይህን ልጨምርላት አልኩት። ከፈተና አሸተተው። «ይሄ የገላ ቅባት ነው» አለ፤ «ሠንጠረዡ ውስጥ የለም።» በቃ። ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውና ድስት ውስጥ የሌለው ይቆጠራል፤ ድስት ውስጥ ሊገባ የሚችለውና ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለው አይቆጠርም። ልጅቱም ቆርቆሮዋን ተቀብላ ክርኗን ተቀባችው።

እኩለ ጾሙ ላይ እንደገና ተመዘኑ። በዚያ ሙቀት ላይ ሽሮ ተጨምሮ ማን ይሞላል? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀንሰዋል፤ እሷም ቀንሳለች። እሱ ግን የሌሎቹን አላየም። አንድ እጁ የእሷን ኪሎ፣ አንድ እጁ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ይህን ሁሉ ቅቤ በልታ ካልጨመረች፣ አለ፣ ውስጧ የሚበላ በሽታ አለ። ሳንባዋ ሊሆን ይችላል። ከሌሎቹ ትለይ፣ ቤተሰቧም ይጠራ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያ ድረስ እየሳቅሁበት ነበር። ያን ቀን ሳቄ ጠፋ። ልጅቱን ከመኝታ ክፍሏ አውጥተው ከወጥ ቤቴ ጀርባ ባለች የማገዶ ክፍል አስቀመጧት። ሳህኗ ተለየ። ጓደኞቿ በሩቁ ሰላም ይሏት ጀመር። እኔ እንጨት ለመውሰድ ስገባ እግሯን እንዴት እንደምታደርገው ጨንቋት እስከ ግድግዳው ታጥፈዋለች።

«ማማ፣ መንደሩ ነው የመረጠኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነው። በሽተኛ ሆኜ ከተመለስኩ ማን ልጁን ለመርፌ ይሰጠኛል?»

እውነቷን ነው። ታማለች ተብላ የተመለሰች ጤና ሠራተኛ በሕይወቷ ሙሉ የሚያስነካት አታገኝም። ከዚያም መንደር ሌላ ልጅ አይላክም። ሳንባዋም ክንዷም ደህና፣ ስሟ ብቻ የሚሞት ልጅ ማለት ናት። ይህን ሁሉ ያመጣው ደግሞ ጣሳ ውስጥ የተቆለፈ ቅቤ ነው።

መልእክቱ በአቦቦ በሚያልፍ የጭነት መኪና ተላከ። የጭነት መኪና ወሬ ደግሞ እንደምታውቁት በየኬላው ይከብዳል። «ኪሎዋ ቀንሷል» ብለን የላክነው ጎግ ሲደርስ «ልጃችሁ ልትሞት ነው» ሆኗል።

እናትየው መጣች። ሁለት ወንድሞቿን አስከትላለች፤ ወንድሞቿ ደግሞ ረጅም ምሰሶ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ በትከሻቸው ይዘዋል። ታማሚ መሸከሚያ ነው። ልጃቸውን በሕይወትም ይሁን በሬሳ ይዘው ሊመለሱ ነው የመጡት። እናትየው ከመኪናው ስትወርድ ራሷ ላይ አንድ ትልቅ እስር ነበር፤ የደረቀ አሳ፣ በቆሎ፣ ከላይ በቅል ያለ ቅባት። አንገቷ ቀጥ እንዳለ ነው። በግቢው በር ገባች፤ ልጅቱ ያን ሰዓት በርሜሉን ወደ ወጥ ቤቴ እያንከባለለች ነበር።

ሁላችንም ቆምን። እናትየው እስሩን አወረደች። ልጇ ዘንድ ሄደች፤ ክንዷን ያዘች፣ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ዓይኗን ገልጣ አየች። ዙሪያዋን ዞረቻት። የገበያ አማርኛ ታውቃለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ማነው የታመመው?» አለችኝ።

መምህሩ ወጣ። በዚያው ጫጫታ ዳይሬክተሩም ከቢሮው ወጣ። ዳይሬክተሩ የአገሬው ልጅ ነው፤ ክልሉ ክልል ሲሆን ከተሾሙት አንዱ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ቁመቱ ብዙ። በየበሩ ጎንበስ ማለት ለምዶ ሜዳ ላይ እንኳ ትንሽ ያጎነብሳል። ስለ ልጅቱ የተነገረው «ሳንባ ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ብቻ ነበር፤ ባለሙያ የተናገረውን ምን ብሎ ይሽር? አሁን ግን አስተርጓሚ መሆን ነበረበት።

መምህሩ ስለ ስብ ጀመረ። ዘጠኝ ካሎሪ አለ፣ አራት አለ፣ ሰውነት የሚገነባውንና የሚቃጠለውን አለ፣ በእጁ ሆድ ሠራ፣ በእጁ እሳት ሠራ። ሲጨርስ ዳይሬክተሩ በሁለት ቃል ተረጎመው። እናትየው ሰማች፤ ቀጥሎ ያለውን ጠበቀች፤ ቀጥሎ ምንም እንደሌለ ስታይ በአማርኛ ተናገረች።

«ልጄ በሽተኛ አይደለችም። ልጄ ረጅም ናት።»

ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። እኔንም መዝነኝ ማለቷ ነው። መምህሩ እምቢ ማለት ነበረበት፤ ግን ጣቶቹ ለምደው ኖሮ ቀድመውት ብረቱን ገፉት። ቁመቷን ለካ፣ ካልኩሌተሩን ነካካ፣ ፊቱ ተለወጠ። እናትየው ከልጅቱም በታች ሆነች። ያን ሁሉ ጭነት በራሷ ተሸክማ፣ በጭነት መኪና ላይ ተንገላትታ የመጣች ሴት፣ ወረቀቱ እንደሚለው አልጋ ላይ መሆን ነበረባት። ወንድሞቿ ምሰሶውን ይዘው ተያዩ፤ ማንን እንደሚሸከሙ የቸገራቸው ይመስል ነበር።

ዳይሬክተሩም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ጫማውን ደርድሮ አስቀመጠና ሚዛኑ ላይ ወጣ።

መምህሩ ቁመቱን መለካት አቃተው፤ እጁ አልደረሰም። እኔ ሽንኩርት የምከትፍበትን በርጩማ አምጥቼ አቀበልኩት። በርጩማው ላይ ቆሞ ለካ፣ ወረደ፣ ደመረ፣ አካፈለ።

«ስንት ወጣሁ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እርስዎ እንኳ...»

«ንገረኝ። እኔም ከሰው ልለይ?»

«እርስዎ እንኳ የመስክ ሥራ ይበዛብዎታል» አለ መምህሩ፤ ላቡን ጠረገ። «በሥራ ጫና ምክንያት ተብሎ ይያዛል። ጤናዎ ደህና ነው።»

አያችሁልኝ? ለዚያች ልጅ ከወር በላይ ያልተገኘው ምክንያት ለአለቃ ለማግኘት ላብ እስኪጠረግ አልፈጀም። ለእሷ ሳንባ ሆነ፣ ለእሱ የሥራ ጫና። ስቡ ያው፣ ቁመቱ ያው፣ ካልኩሌተሩ ያው። ወንበሩ ነው የተለየው። እኔ በዚያ ግድግዳ ላይ ወንበር የሚል ዓምድ አላየሁም ነበር፤ ለካ የሚያነበው ሰው በልቡ ይዞት ኖሯል።

ዳይሬክተሩም ገብቶታል። ከሚዛኑ ሳይወርድ፣ በእግር ሹራቡ ቆሞ፣ ቁልቁል አየው።

«እንዲህ ያለ ምክንያት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ለእሷም ያንኑ ጻፍላት።»

ጻፈ። ምን ያደርጋል? ከማንጎው ሥር ቆሞ፣ ሳንባ ያለውን ሰርዞ፣ «በመስክ ሥራ ጫና» ብሎ ጻፈ። እስከዚያ ቀን ልጅቱ የወጣችበት መስክ ከማገዶው ክፍል እስከ ውሃው በርሜል ያለው ነበር። አላፈረም፤ ያሳፈረውም የለም፤ ስህተቱን አላመነም፣ ሠንጠረዡንም አላወረደም። አንድ ውሸት በሌላ ውሸት ተተካ፤ የኋለኛው ግን የልጅቱን ስም አላጎደፈም። ማታውኑ ወደ መኝታዋ ተመለሰች፣ ሳህኗም ከሳህኖቻችን ጋር ታጠበ።

በማግስቱ እናትየው ሳትሄድ ምሳ ሠራሁ። ያንን ታማሚ መሸከሚያ ምንጣፍ ማንጎው ሥር ዘርግተን ተቀመጥንበት። አሳውን አፍልቼ፣ ከቅሉ ቅባት በትልቁ ማንኪያ ጣል አደረግሁበት። አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሚያውቁት ትቼ፣ እኔ መረቁን ብቻ ነው የነካሁት፤ ቅባቱ ግን ዛፍ ነው፣ እግዜርም ሰውም አይቆጣበትም። ሽታው ግቢውን ሞላው። መምህሩም አፍንጫው እየመራው መጣ።

ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። የጾም ነው ወይ አለኝ። የጾም ነው አልኩት። እናትየው ያለ አንድ ቃል ቦታ ለቀቀችለት። ያን ሁሉ በደል ያደረሰባት ሰው እኮ ነው፤ ግን የተራበ ሰው ቆሞ ማየት በአገሯ ነውር ነው። ቁጭ ብሎ መረቁን በቂጣ እያጠቀሰ በላ፤ ደግሞ በላ። ከንፈሩ በዚያ «የገላ ቅባት» እያበራ፣

«በማንኪያ ስንት ግራም ስብ ይወጣው ይሆን?» አለ።

እናትየው ምን እንዳለ ልጇን ጠየቀቻት፤ ልጅቱ ተረጎመችላት። እናትየው መምህሩን ከራሱ እስከ ሆዱ፣ ከሆዱ እስከ ጫማው አየችውና በቋንቋቸው አንዲት ነገር ተናገረች። ልጅቱ አፏን በእጇ ሸፍና ከምንጣፉ ላይ ተነሥታ ሮጠች። ምን እንዳለች ብዙ ጊዜ ለምኛታለሁ፤ ነውር ነው ብላ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ወንድሞቿ ምንጣፉን ጠቅልለው ባዶውን ይዘው ተመለሱ። መኪናው ላይ ሲወጡ አንደኛው ሌላኛውን «ና ተኛበት፣ ደክሞሃል» እያለ ሲያሾፍበት በእጁ ምልክት ገባኝ። ሠንጠረዡ እስከ ክረምቱ ድረስ ግድግዳው ላይ ቆየ። ከዚያ ምስጥ ገባበት። ምስጥ ጾም የለውም፤ ስቡንም፣ ገንቢውንም፣ ኃይል ሰጪውንም ሳይለይ፣ ሳይደምር ሳያካፍል ጠረገው። ምስማሮቹ ብቻ ቀሩ፤ ወንፊቴን ሰቀልኩባቸው።

ልጅቱ ሥልጠናዋን ጨረሰች። በመጨረሻው ቀን ኪሎዋ ስትመጣ ከነበረው አልጨመረም፤ ቁመቷ እንጂ። ለእያንዳንዳቸው ሕፃን የሚመዘንበት የሚንጠለጠል ሚዛን ተሰጣቸው። የእሷን ከረጢቷ አፍ ላይ አስራ፣ የሚጫንበት መኪና እስኪሞላ ወጥ ቤቴ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ደግሞ ሚዛን ሳይ ያመኝ ጀምሯል። በዚህ ነገር እንግዲህ ምን ልታደርጊ ነው አልኳት።

«እመዝናለሁ» አለች።

«ሕፃኑ ቀሎ ቢገኝስ?»

ገመዱን ጠበቅ አደረገችው።

«መጀመሪያ እናቱን አያታለሁ፣ ማማ» አለችኝ። «ከዚያ ምን እንደበላ እጠይቃታለሁ።»